ሁለት ሞግዚት በአንድ ቤት

የፍቺው ወረቀት ላይ “የሕፃኗ አሳዳሪና ሞግዚት” ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ክብ ማኅተም አለበት። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከልጄ የልደት ምስክር ወረቀትና ከክትባት ካርዷ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ወረቀቱን በተቀበልኩ በሦስተኛው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ወርጄ አንዱን ደላላ “ሞግዚት ፈልግልኝ” አልኩት። እሱ ምንም አላለም፤ ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን የሳቅሁት እኔ ነኝ። አማርኛ ለዳኛውም ለደላላውም የሰጠው አንድ ቃል ነው።

ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። እናቷ ውጭ አገር ናት። ለምን እንደተለያየን እዚህ አልጽፍም። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በየእሑዱ ልጇን በስልክ ታያታለች፤ እሱ ይብቃ። የምጽፈው ስለ ሌላዋ ሞግዚት ነው። ይህን ጽሑፍ አስቀድማ አንብባዋለች፤ አንድ አንቀጽ አስወጥታ የቀረውን ፈቅዳልኛለች። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ ልጄ በምትጠራት እጠራታለሁ፤ እታለም።

ደላላው መጀመሪያ ያመጣቸው ሁለት ልጆች ወር ሳይሞሉ ሄዱ። ሦስተኛዋ እሷ ናት። የመጣች ዕለት የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ከመታጠብ ብዛት ወደ ቡናማ ሄዶ ነበር። ደላላው የመታወቂያዋን ኮፒና የዋሷን ስልክ ሰጠኝ፣ የድለላውን ተቀበለ፣ ሄደ። 29 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባታል። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ደሞዝ 2,000 ብር፣ ምግብና መኝታ በእኛ ብለን ተስማማን። መኝታዋ እናቴ ክፍል ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ለሯጭ ልጅ አትሆንም። አለዚያማ ለልጅ ሰው መቅጠር የሚባል ነገር በእሷ ፊት አይነሳም ነበር።

“ጋሼ” ነው የምትለኝ። የምበልጣት በሰባት ዓመት ነው። እሷ በእርስዎ ታናግረኛለች፣ እኔ በአንቺ እመልስላታለሁ። በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔም አላልኩትም ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። በሙያዬ አስጎብኚ ነበርኩ። ጎንደር ውስጥ ይህን ቃል በ“ነበርኩ” የምንናገር ብዙ ነን። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ፣ ፈረንጁ ቀረ። ይመለሳል ስንል ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ መጣ። ስምንት ዓመት ፋሲል ግቢን ስዞር ከርሜ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ደሞዜ ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ከእሱ ላይ 2,000 ሲቀነስ ግን የሚተርፈው እስከ ወሩ ሃያ አይደርስም።

እታለም ልጅ ስትይዝ ጩኸት የላትም። ከእሷ በፊት የነበሩት ልጄን የሚያበሏት “ጅቦ መጣልሽ” እያሉ ነበር። እሷ የገብሱን አጥሚት በሁለት ኩባያ እየገለበጠች ታቀዘቅዘዋለች፤ ከላይኛው ኩባያ ከፍ አድርጋ ስታንቆረቁረው ልጄ አንጋጣ ታያለች፣ አንጋጣ ስታይ አፏ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ማንኪያው ይገባል። ጥፍሯን የምትቆርጥላት ተኝታ ነው፤ በቀን አንድ እጅ፣ በማግሥቱ ሌላውን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም ቃሉን አይጠብቅም። እሷ ልጄን በሳፋ ታጥባለች፣ በዚያው ውሃ ካልሲዎቿን ታሻለች፣ በዚያው ወለሉን ትወለውላለች፣ የተረፈው መጸዳጃ ቤት ይደፋል። አንድ ጀሪካን አራት ሥራ ይሠራል። እኔ ያንኑ ጀሪካን ፊቴንና እግሬን ታጥቤ እጨርሰው ነበር፤ አንድ ቀን ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም በሳፋ ነው የምታጠበው።

አሁን የነሐሴውን ሌሊት ልንገራችሁ።

ዝናብ ነው፣ መብራት የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የክፍሌ በር ተደበደበ። “ተነስ! አንተ! ተነስ፣ ልጅቷ እየነደደች ነው!” ዘልዬ ስወጣ እናቴ ጧፍ ይዛ ቆማለች፣ እታለም እርጥብ ጨርቅ የልጄ ግንባር ላይ አድርጋ ትንፋሿን እየቆጠረች ነው። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ልጄን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አሰረቻት፣ በላዩ የእኔን ጃኬት ደረበች፣ ወጣን። እኔ ከፊት ከፊት በስልኬ መብራት ጭቃውን አሳያለሁ። “ወደ ግራ ያዝ፣ ቦይ አለ።” “ፍጠን።” “ቁም፣ እግሯ ወጣ፣ አልብሳት።” ያን ሌሊት ጋሼ የሚባል ሰው አልነበረም።

የሳንባ ምች ነው ተባለ። መርፌ ተሰጣት፣ ተኛች። ጎሕ ሲቀድ ነርሷ ካርዱን እየሞላች፣ ልጄን ያቀፈችውን እታለምን “ስንት ልጅ አለሽ?” አለቻት። “አንድ።” ስለ ልጄ የተናገረች መሰለኝ። ላርማት አልፈለግሁም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። እሷ ግን ቀጠለች፤ “ወንድ ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ዳባት ነው፣ እናቴ ዘንድ።”

አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ምጣድ እንጀራ እየበላን ልጅ እንዳላት አልጠየቅኋትም። ልጄ የመጀመሪያዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር እልል ብላ እየጠራችኝ፣ የሷ ልጅ በዚያን ቀን ምን እንዳለ ማን ነገራት? የእኔን ልጅ ለማሳደግ የራሷን ትታ መምጣቷ ነው። የደሞዟ ግማሽ በየወሩ ወደ ዳባት ይሄድ እንደነበር የሰማሁትም በኋላ ነው። እዚያው የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ሁሉንም ነገረችኝ። ባሏ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከደባርቅ ቁልቁል በሚወርደው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ነው የቀረው። “ሊማሊሞን እንደ ጓሮው ያውቀው ነበር” አለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላለችም።

በማግሥቱ ቤት ስንገባ፣ “ጋሼ፣ ቁርስ ልሥራልዎ?” አለችኝ።

ምን እንደጎደለኝ ወዲያው ገባኝ። ሌሊቱን “አንተ” ሲለኝ የነበረው ድምፅ ጠፍቷል። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ በመከበር ከፋኝ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ዳባት እንድትሄድ አደረግሁ። ይህን እንደ ደግነት እንዳትቆጥሩልኝ፤ ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው። እሷ በሌለችበት ሁለት ቀን ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ግን አየሁ። ልጄ ሁለት ኩባያ አምጥታ “አንቆርቁር” ትለኛለች፣ ሳንቆረቁር ግማሹ ሸሚዜ ላይ ይፈሳል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና “ማክሰኞ ትመጣለች” ትለናለች፤ ለልጄ ይሁን ለእኔ ለይታ አትናገርም።

በመጣች በሁለተኛው ኅዳር ቁስቋም ሄድን። ኅዳር 6 የቁስቋም ማርያም ናት፣ የጽጌ ጾም የሚያበቃበት። እሷ ለመሳለም፣ ልጄ ለሽርሽር፣ እኔ ልጄን ለመሸከም። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው የኖሩበት። ስሙም እመቤታችን ልጇን ይዛ በግብፅ ስትሰደድ የተቀመጠችበት ቦታ ስም ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፍርስራሹ ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ እኔም ከለመድኩት አፌን ከፈትኩ።

ለፈረንጅ የምነግረው ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ዐፄ በካፋ ራሳቸውን ሰውረው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ ያረፉበት ቤት ልጅ አስታመመቻቸው፣ ድነው ሲመለሱ አስመጥተው አገቧት ይባላል፤ ምንትዋብ ማለት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1730 ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበርና እናቲቱ ሞግዚት ሆነው አገር ገዙ። ቀልዴ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞተ በኋላ የባላቸውን የእህት ልጅ ወደዱ፣ ከእሱም ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። የሰውየው ስምም ኢያሱ ነበርና ሰዉ ‹ምልምል ኢያሱ› አለው። “መልምለው የወሰዱት ማለት ነው” እላቸዋለሁ፣ “እንደ ገበያ በቅሎ ጥርሱን አይተው።” ይስቃሉ። ከዚህች ቀልድ በኋላ ጉርሻው ይሻል ነበር።

እታለም አልሳቀችም። ልጄ የተኛችበትን ነጠላ እያስተካከለች፣ “እሱማ የሰፈሩ ስም ነው” አለች። “እሳቸውስ? እቴጌይቱ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?”

ስምንት ዓመት አስጎብኝቻለሁ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን አጽማቸውን ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከዐፄ ኢዮአስ አጽም ጋር ለስንቱ አሳይቻለሁ። ዕድሜያቸውን፣ የነገሡበትን ዓመት፣ ያሠሩትን ግንብ ሁሉ ተጠይቄያለሁ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። “አላውቅም” አልኳት። “እንግዲያ ምኑን አወቅከው” የምትል መስላ አየችኝና በአፏ “ይሁን ጋሼ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንውረድ” አለች።

ስንወርድ ነው ለራሴ ያመንኩት። አመንኩና ወዲያው ታላቁን ስሕተት ሠራሁ፤ በወሩ መጨረሻ ደሞዟ ላይ 500 ብር ጨመርኩ።

ይኸው ነው። ሌላ ወንድ አበባ ይገዛል፣ ሌላው ግጥም ይጽፋል፣ እኔ የደሞዝ ጭማሪ አደረግሁ። ገንዘቡን በፖስታ ሰጠኋት፣ ማታ ላይ አምስቱ መቶ ብር የሻይ ማንኪያ ተጭኖበት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ጠራኋት። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። “ይኼ የምንድን ነው?” አለችኝ። ኑሮ ተወዷል ብዬ አጉተመተምኩ። “ኑሮ ለእርስዎም ተወዷል። የዘይቱን ሒሳብ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ስንት እንደሚተርፍዎት አውቃለሁ። የማላውቀው ሥራ ተጨምሮብኝ ከሆነ ይንገሩኝ።”

‹የማላውቀው ሥራ›። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ሴትዮዋ ልክ ናት። ከቤት ሠራተኛው ጋር የተዋደደ ጌታ ታሪክ በየሰፈራችን ሞልቷል፤ መጨረሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣና እንባ ነው፣ ሻንጣውም እንባውም የማን እንደሆነ እናውቃለን። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ያወጣዋል፤ በሰዉ አማርኛ የቤት ሠራተኛን ማለት ነው። እታለምን የሚቀጥራት፣ የሚከፍላት፣ ሲቆጣ የሚያባርራት አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ። እንጀራዋ ከእኔ፣ አልጋዋ ከእኔ፣ የዳባቱ ልጅ ደብተር ከእኔ። ወድጄሻለሁ ብላትና እምቢ ብትል የት ታድራለች? እሺ ብትልስ፣ እምቢ ማለት የማትችል ሰው እሺታ ምኑ ይታመናል? ሐዘኗ፣ ሐሜቱ፣ የእናቴ ፊት፣ የእኔ ፍቺ፣ ሁሉም በጊዜ የሚያልፍ ነው። በየወሩ መጨረሻ እየታደሰ በመሃላችን የሚቆመው ያ ፖስታ ነበር።

ዝም ማለትን መረጥኩ። ለማሰናበትም አሰብኩ፤ ሥራ ያጣች ሴት ነጻ ሴት ትመስል!

ጥምቀት መጣ። ለፋሲለደስ መዋኛ የቀሃ ወንዝ ውሃ ከገባ በኋላ ሄደን፣ ሕዝቡ መሃል ሎሚ ወርውሬ ደረቷን መታሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባላችሁ ነበር። ያን ቀን እታለም ለእናቴ እንግዶች ስትጥድና ስታወጣ ዋለች፤ እኔ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግፊያ ውስጥ አንድ ጫማዋን ጥዬ ተመለስኩ። በማግሥቱ፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በሩ ላይ ቆመች፤ አሁንም አልገባችም።

“ጋሼ፣ እቁብ ወጥቶልኛል። በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ሰው ይፈልጉ።”

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዛ፣ እንጀራ ልትሸጥ፣ ልጇን ከዳባት ልታመጣ ነው። እኔ ስለ ነጻነቷ ሌሊት ሌሊት ስፈላሰፍ እሷ በየሳምንቱ እቁቧን እየጣለች ነበር። ልጄ ኬጂ ገብታ ስለነበር ሌላ ሞግዚት አልቀጠርኩም። የመጨረሻዋን 2,000 ስሰጣት ቆጠረችው። ቆጥራው አታውቅም ነበር።

ከዚያ እንጀራ ገዢ ሆንኩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቅዳሜ ገበያ በኩል እዞራለሁ። ቤቴ በሌላ በኩል ነው፤ የጎንደርን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈርድብኛል። አምስት እንጀራ፣ አንዳንዴ ሰባት። “ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ ልጄ እንዴት ናት?” ትለኛለች፤ እንጀራውን ትጠቀልላለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች። ልጇም መጥቷል፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። “እንደምን አመሹ” ብሎ ይነሳልኛል።

ቤታችን ሦስት ሰው ነን፣ አንዷ የአራት ዓመት ልጅ። እንጀራው ተረፈ፣ ደረቀ። እናቴ ምግብ አትደፋም። መጀመሪያ አንድ ሰፌድ ድርቆሽ ደጅ ላይ ተሰጣ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሁሉ ሞላ። አንድ ማታ ጉልበቷን እያሸች ጠራችኝ። “አንተ ልጅ፣ መንገድ ልትሄድ ነው?” “የት?” “እኔ ምን አውቄ። ይኼን ሁሉ ስንቅ ሳይ ጊዜ ነው እንጂ።” ዝም አልኩ። “እንጀራዋ ዓይኑ ጥሩ ነው” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ አስተያየት የሰጠችው ይህን ያህል ነው።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ገዢ ያልነበረበት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እታለም ማሰሻውን ይዛ ምጣዱን እየወለወለች ነው፤ የተቃጠለ ጎመንዘር ይሸታል። ቀና ሳትል፣

“አንተ፣” አለች።

ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ።

“አንተን ነው። ቤትህ ሁለት ሰው ተኩል ነው። ሰባት እንጀራ የት ነው የምታደርገው?”

“ድርቆሽ” አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሳቀች። ቤቴ በነበረች ጊዜ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ያን ቀን አልሸፈነችም፤ ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርሷ ተደርቦ እንደበቀለ ያየሁት ያኔ ነው። አክንባሎውን ገጠመችና ቆመች። “አሁን ሠራተኛህ አይደለሁም። የምትለው ካለህ በል። እምቢ የምለውን እምቢ እላለሁ።”

አልኩ። ምን እንዳልኩ ነው እሷ ያስወጣችኝ አንቀጽ። መልሷን ግን ልጻፍ፦ “ሁዳዴ ይግባና ይውጣ፣ አስቤ እነግርሃለሁ።”

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ዕድሜ ልኬን ጾሜዋለሁ፣ ቀኑን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እንጀራ መግዛቴን አላቆምኩም፤ ሁለት ብቻ ነበር የምትሸጥልኝ። “ከዚህ በላይ አይሸጥልህም፣ ለእማማ አዝናለሁ” ትለኛለች።

የፋሲካ ማግሥት ልጇ ብቻውን መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዟል። ለእናቴ ሰጠ፣ ጉልበቷን ሳመ፣ ከዚያ በቃሉ ያጠናውን እንደ ምንባብ አወረደው፦ “እናቴ፣ ዳባት አባባ ዘንድ ሰው ይስደዱ ብላዎታለች።” ትርጉሙ የገባው አይመስለኝም። እናቴ ገብቷታል፤ ዳቦውን ትታ ተንሰቀሰቀች።

ሦስት ሽማግሌ ላክን። አባቷ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ደሞዜም ስለ ፍቺዬም አይደለም፤ “የሟቹን እናት አስፈቅዳችኋል?” ነው ያሉት። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሴት ልጅ ባሏ ከሞተ 180 ቀን እንድትጠብቅ ይላል። አገሩ ግን የሚቆጥረው በአርባ፣ በሰማንያና በሙት ዓመት ነው፤ ያ ሁሉ ቢያልፍም የምትጠየቅ እናት አለች። ሽማግሌዎቹ እዚያም ሄዱ። ሴትዮዋ አልቅሰው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁ፤ የልጅ ልጃቸው ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ እንዲከርም። እስከ ዛሬ ይከርማል።

ሰፈሩ “ሠራተኛውን አገባ” አለ። ይበል፤ ውሸት አይደለም፣ ዘግይቶ ነው እንጂ። የከፋኝ የእህቴ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ደውላ ለእናቴ “ሰው ጠፍቶ ነው?” አለቻት፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር፣ እታለም ቡና ትቆላለች። እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ “ሰውማ መች ጠፋ፣ ተገኘ እንጂ” ብላ ዘጋችው። እህቴ ለሠርጉ አልመጣችም። ሠርግም አልነበረም፤ ተክሊል ለእኛ አይደለም፣ በሰማንያ ተፈራረምን፣ የሁለቱም ወገን አሥራ አምስት የሚሆን ሰው በላ ጠጣ። ድርቆሹ ፍርፍር ሆኖ ቀረበ፤ ለሰው አልተናገርንም።

አሁን ቤታችን አምስት ነን። ምጣዶቹም መጥተዋል፤ እንጀራውን አላቆመችም፣ እኔም አቁሚ አላልኳት። ገንዘቧን ራሷ ትይዛለች። ልጄ አሁንም እታለም ነው የምትላት፤ እናቷን በየእሑዱ “እማዬ” ትላለች፣ ሁለቱን ስም አታምታታም። ልጁ ግን ከእኔ ጋር ገና ነው። እናቱ በፊቱ አንተ ስትለኝ ጆሮውን ያመዋል መሰለኝ፣ ያቀረቅራል። በዳባቶቹ ደንብ “አንቱ” ይለኛል። እኔም አንተ በለኝ አላልኩትም። አንዱን አንተ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራችን ተደበደበ። ደንግጬ ብድግ አልኩ፣ የነሐሴው ሌሊት የተመለሰ መስሎኝ።

“አንቱ! ይነሱ! ውሃ መጥቷል!”

እሱ ነው፣ በባዶ እግሩ፣ በሁለት እጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ። ቦኖው ዘንድ ሰልፉ ገና አልረዘመም። ተያይዘን ስንወጣ እታለም ከአልጋዋ ሆና፣ “ትልቁን እንዳታሸክመው!” አለችኝ። እሱ ግን ትልቁን ይዞ ቀድሞኝ ወርዷል።